በካምባ አዳራሽ የሰማሁት ልብ

የልብ ሐኪም ነኝ። አርባ ምንጭ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ ተመልሼ የምሠራውም አርባ ምንጭ ነው። ስመለስ አብረውኝ የተማሩት «እዚያ ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?» ብለውኝ ነበር። እውነት ነበራቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ሥራዬ ዘግይተው የመጡ ሰዎችን መቀበል ነበር። የደም ግፊት ግማሽ አካላቸውን የወሰደባቸው፣ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ያላቸው፣ መተኛት አቅቷቸው ትራስ ተደግፈው የሚያድሩ። በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ፣ ሁለተኛ ደረጃ አብረን የተማርን ሰው አንድ ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ባለቤቱ ለቅሶው ላይ «ራሴን ያመኛል ይል ነበር፤ እኛ ድካም ነው አልን» አለችኝ። ግፊቱን አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ከሆስፒታል ወጥቼ ማስተማር ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን፣ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የአካባቢው ሬዲዮ፣ የጠራኝ ሁሉ ጋ እሄዳለሁ። ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ቀንሱ፣ ሲጋራ ተዉ፣ ተራመዱ፣ ግፊታችሁን ተለኩ። እኔም ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ «ዶክተር፣ ይግቡ እንጂ፣ በነፃ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ሠርግ ቤት ስገባ ሴቶቹ ዳጣውን ከፊቴ ያነሡታል፤ ያን በርበሬና ጨው የበዛበት ማባያ እንደምቃወም ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቀልዱን ወድጄው ነበር። ሰው ሲለወጥም አይቻለሁ። ደረጃ መውጣት ያቃተው ነጋዴ ዛሬ በየጠዋቱ አባያ ሐይቅ ዳር ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ንግግሬን ሁልጊዜ የምጨርሰው «ልባችሁን ጠብቁት፣ ይጠብቃችኋል» ብዬ ነበር። ከልቤም አምንበት ነበር።

ከአርባ ምንጭ ራቅ ወዳለችው ካምባ የሄድነው አንድ ቅዳሜ ነው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ምእመኖቿን እንዳስተምር ጠርታኝ፣ ልብ ክፍል ረጅም ዘመን ከሠራች ነርስ ጋር አብረን ወጣን። ከትምህርቱ በኋላ ሰው ለመመርመር ትንሿን የልብ አልትራሳውንድ ይዘናል። ሌላም ይዘን ነበር፤ ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚገናኝ አዲስ የልብ ማዳመጫ። ሰው የራሱን ልብ ሲመታ ቢሰማ ከመቶ ስብከት ይበልጥበታል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። መንገዱ አድካሚ ነው፤ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት እየተንጠራራ ያይ ነበር።

የተለመደውን ተናገርኩ። ሰዎቹ ሳቁ፣ ጠየቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጨረሻ ላይ ማዳመጫውን አነሣሁና «አሁን ጤናማ ልብ እንዴት እንደሚመታ አብረን እንሰማለን። ማን ይወጣል?» አልኩ።

አዳራሹ በአንድ ላይ ወደ ግራ ዞረ። «መምህርቷ! መምህርቷ ትውጣ!»

የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ ፈገግ ብሎ ማይክራፎኑን ተቀበለኝ። «የስፖርት መምህርታችን ናት፣ ዶክተር። ተማሪዎቿን ቀድማ ትሮጣለች። እርስዎ በሬዲዮ የሚሉትን ሁሉ የምታደርግ እሷ ናት። ዘይት የለ፣ ጨው የለ። ባሏን እንኳ ዳጣ አስተወችው።»

እየሳቀች ወጣች። ቀጠን ያለች፣ ከረጅም ቀሚሷ በላይ የስፖርት ሹራብ የለበሰች ወጣት ናት። ጉንጮቿ ቀላ ያሉ ነበሩ፤ ከፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። ነርሷ ማዳመጫውን በሹራቡ ሥር አስገብታ ልቧ ላይ አደረገችና ማጉያውን ከፈተችው።

የመጀመሪያው ምት ከሚገባው በላይ ጠንክሮ መጣ። ቀጥሎ አንዲት አጭር ቅጭታ፣ ከእሷ ኋላ ረጅምና ዝቅ ያለ ጉርምርምታ። ከሩቅ ድንጋያማ መንገድ ላይ የሚንከባለል ጋሪ ይመስላል። ከዚያ እንደገና፣ እንደገና። ማጉያው ግድግዳውን አልፎ ውጭ ለቆሙት ሁሉ ያሰማል።

ያን ድምፅ ተማሪ ሆኜ አስተማሪዎቼ ጆሮዬን ይዘው ነው ያስተማሩኝ። ጠብቦ የደረቀ የልብ በር፣ ደም ለማሳለፍ የሚታገል በር ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ግን የምሰማው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ለመሞት ከተቃረቡ ሰዎች ደረት ነበር። አሁን የሚመጣው ከምትስቅ ሯጭ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ነርሷን አየኋት። ቀና ሳትል በዓይኗ ብቻ መለሰችልኝ። እሷም ሰምታለች።

አዳራሹ በምቱ ልክ ማጨብጨብ ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰው «ሞተር ነው እኮ!» አለ፣ ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና ዞር ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ጤናማ ልብ እንዲህ ነው እንድል ሕዝቡ ይጠብቃል። «እናመሰግናለን፣ መምህርት» አልኩ። «ልብ እንዲህ ሳያርፍ ነው የሚሠራልን።» ከዚያ ወዲያ ምን ተናግሬ እንደጨረስኩ ዛሬም አላስታውስም።

ለምርመራው መጋቢው ቢሮውን ለቀቀልን። «ከመምህርቷ እንጀምራለን» አልኩ፣ እንደ ተራ ነገር። እናቷ አብራ ገባች። ባለቤቷ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት፣ በር ላይ ቀረ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛናትና አልትራሳውንዱን አደረግኩ። ምስሉ ሲወጣ የባሰ ደነገጥኩ። እንደ መጋረጃ ተከፍቶ መዘጋት የነበረበት በር ወፍሮ ተጣብቋል፤ መካከሉ ላይ የቀረችው ቀዳዳ ከውኃ የወጣ ዓሣ አፍ ትመስላለች። በዚች ቀዳዳ ነው ይህች ልጅ ሜዳ ለሜዳ የምትሮጠው።

«ዶክተር፣ አዳራሽ ውስጥ አይቼዎታለሁ» አለችኝ ተኝታ እንዳለች። «አይደብቁኝ።»

«ስትሮጪ ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«ካለፈው ዓመት ወዲህ። የሰውነቴ ብቃት ወርዷል ብዬ ነበር። ስለዚህ ጨምሬ መሮጥ ጀመርኩ።»

ጨምሬ መሮጥ ጀመርኩ አለች። ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ያገኘሁትን ነገርኳት። ልብሽ ውስጥ ያለ በር ጠብቧል፣ ከዛሬ ጀምሮ ሩጫ የለም፣ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ፣ በሩም መከፈት አለበት አልኳት። አላለቀሰችም። ተነሥታ ተቀመጠችና «ምን አጠፋሁ?» አለች። «ጨው አልበላም። ሲጋራ በቤታችን አይታወቅም። በእግሬ ነው የምሄደው። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ይህ ከአበላል የሚመጣ አይደለም። ልጅ ሆነሽ ጉሮሮሽን አሞሽ ያውቃል? ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያ ማበጥ?»

እሷ አታስታውስም። እናቷን በጋሞኛ ጠየቅኋት። እናቲቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ጉልበቷ አብጦ ነበር» አለች። «ትንሽ ልጅ ሳለች፤ አንዱ ጉልበት ሲሻለው ሌላው ያብጥ ነበር። ከዚያ በፊት ጉሮሮዋን አሟታል፣ መዋጥ አቅቷት ነበር። ጉሮሮ የማያመው ልጅ የት አለ? ጉልበቷን በቅቤ ቀባን፣ ጸለይን፣ ዳነች። ተነሥታ ሮጠች እኮ፣ ልጄ። እየሮጠች ነው ያደገችው።»

የጉሮሮ ሕመሙ ያኔ በመድኃኒት ቢታከም ኖሮ ወደ ልቧ ባልዘለቀ ነበር። ይህን ለእናት እንዴት እንደሚነግሩ የሕክምና ትምህርት ቤት አያስተምርም። እሷ ግን ራሷ ጠየቀችኝ። «ምን ዓይነት መድኃኒት ነበር የሚያስፈልጋት?»

«ፔኒሲሊን።»

«ጤና ጣቢያው የሚሰጡት?»

«አዎ።»

ነጠላዋን በጣቷ እየጠቀለለች ወለሉን ስታይ ቆየች።

ልንወጣ ስንል ነርሷ እኔ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀች። «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነበር?»

መምህርቷ እናቷን አየች፣ በሩን አየች። «ለማንም አልተናገርኩም» አለች በዝግታ። «ዛሬ ከአዳራሹ ስንወጣ ለባለቤቴ ልነግረው ነበር።»

የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቆምኩ። ፅንስ ሲያድግ የእናቲቱ ልብ የሚገፋው ደም ይጨምራል። ያ ጠባብ በር ያንን መሸከም አይችልም፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። እንዲህ ያለች እርጉዝ በእጄ ላይ ስታልፍ አይቻለሁ። ባለቤቷ ሲጠራ እየሳቀ ገባ፤ የአዳራሹ ጭብጨባ ገና አልለቀቀውም ነበር። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ሰማ፤ አባት ሊሆን እንደሆነና ሚስቱን ሊያጣት እንደሚችል። የመጋቢው ወንበር ላይ ተቀመጠና «የቱ ነው?» አለ። «ደስ ይበለኝ ወይስ ምን ልሁን?»

አርባ ምንጭ አመጣናት፤ ሲቀላ አክስቷ ቤት ዐርፋ ልከታተላት ተስማማን። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን በር ያለ ቀዶ ጥገና፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ የሚከፍቱ ባልደረቦች አሉኝ፤ ፅንሱ ትንሽ ከጠና በኋላ ላካት አሉኝ። እሷ ግን ከመሄዷ በፊት በአንድ ነገር አስቸገረችኝ። «ተማሪዎቼን ሳያዩልኝ አልሄድም» አለች። «እነሱም ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። እነሱም ይሮጣሉ።»

ከነርሷ ጋር ተመልሰን ትምህርት ቤቱ ሄድን። አንድም ላናገኝ እንችላለን ብዬ ነበር የሄድኩት። ገና ከጠዋቱ ከአንድ ተማሪ ደረት ያ ጉርምርምታ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ሌላ ልጅ፣ በሌላ ድምፅ፤ የዚህችኛዋ በር አይዘጋም፣ ያፈስሳል። ከምሳ በኋላ እንደገና። ሁሉም በእግራቸው የመጡ፣ አንዳቸውም አመመኝ ያላሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ የመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል ነበረች። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። ስንት ዓመት በዚህ አገር ስለ ጨው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ጨው የሚሉት ነገር ያልነካቸው ልቦች እዚህ ደርቀው ተቀምጠዋል። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም እናገረዋለሁ። ግን ያን ቀን ግማሽ አገር ሳላይ እንደኖርኩ ነው የተሰማኝ።

መምህርቷ አዲስ አበባ ልትሄድ ጥቂት ሲቀራት ባለቤቷ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሳት። ትንፋሽ ማጠሩ ጠዋት ልብስ ስታጥብ ነው የጀመራት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ በሳለች ቁጥር ሮዝ አረፋ ትተፋለች፣ ቃል ማውጣት አትችልም። ኦክስጅን ሰጠናት፣ ሳንባዋ ውስጥ የሞላውን ውኃ የሚያወጣ መርፌ ወጋናት። እጄን ይዛ በዓይኗ ሆዷን ታሳየኛለች። እኔ የማየው ግን ትንፋሿን ነበር። «መጀመሪያ አንቺ» አልኳት። «አንቺ ከተረፍሽ ነው እሱም የሚተርፈው።» ቀኑ ወደ ቀትር ሲቃረብ ትንፋሿ ረጋ። ነርሷ ኮሪደር ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች፤ በሥራ ላይ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በሩን ከፈቱላት። ባልደረባዬ ደውሎ «ተከፍቷል፣ የፅንሱም ልብ ይመታል» ሲለኝ ታካሚ ፊት ነበርኩ፤ ይቅርታ ጠይቄ ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። ልጇን አርባ ምንጭ ወለደች። ሴት ናት። አዋላጇ ሕፃኗን እንዳዳምጣት አምጥታ ስትሰጠኝ ፈራሁ፤ ሙያዬ ያንን ደረት ለማዳመጥ መሆኑን እያወቅኩ ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ለማስገባት ዘገየሁ። ንጹሕ ነበር። ሁለት ምት፣ መካከሉ ጸጥታ።

የእናቲቱ ልብ ግን እንደ አዲስ አልሆነም፣ አይሆንምም። ጉርምርምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሕመሙ እንዳይመለስባት በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ አንድ ቀን በሩ በሰው ሠራሽ መቀየር ይኖርበታል። ስፖርት ማስተማር አልተወችም፤ ፊሽካዋን ይዛ ሜዳው ዳር ትቀመጣለች። ትምህርት ቤት ያገኘናቸው ልጆች መርፌያቸውን እንዳያቋርጡ የምትከታተለው እሷ ናት። የመረብ ኳሷ አምበል አዲስ አበባ ለመታከም ተራ እየጠበቀች ነው። ተራው ረጅም ነው፤ ይደርሳታል ብዬ ደፍሬ ለመናገር አልችልም።

ባለፈው ካምባ በሄድኩ ጊዜ የመምህርቷን እናት ገበያ አገኘኋት። የልጅ ልጇን አዝላለች። ሰላምታ ሳንጨርስ «ይህችን ትናንት ጉሮሮዋን ይዟት ነበር» አለችኝ።

ደንግጬ «ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ቤት አላሳደርኳትም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ተራ ጉንፋን ነው፣ ለምን መጣችሁ ብለው ተቆጡኝ» አለች። «ይቆጡ።» ልጅቷን በጀርባዋ ላይ አስተካክላ ወደ ሙዝ ሻጮቹ አለፈች።