የልጅ ልጄን ላፕቶፕ እንደ ወፍጮ ያፈጠንሁ ጊዜ

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ያቆምሁ ሰው ነኝ። ቁጥር ግን አይጠፋኝም፤ የሞተርም ጠባይ አውቃለሁ። ዳባት በኩል የናፍጣ ወፍጮ ሳሠራ ነው ያረጀሁት። አሁን ጎንደር፣ አራዳ፣ ልጄ ቤት እኖራለሁ።

የልጅ ልጄ የቤት ፕላን መሣል ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። በዚያው ላፕቶፕ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ትጫወታለች፤ ያውም ጎበዝ ናት። ፒያሳ አንድ ጌም ቤት እሑድ ውድድር ነበረ፤ ሁሉም የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይምጣ ተብሏል። የእሷ ግን መኪናው ሲታጠፍ ሥዕሉ ይንቀረፈፋል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ታቅፋ ስትብሰለሰል አገኘኋት።

«ምነው?» አልኋት።

«አያ፣ ግራፊክስ ካርዱን ማፍጠን ይቻላል፤ ፕሮግራም አለው። ግን ከተቃጠለ መመረቂያዬን በምን እጨርሳለሁ?»

«ግራፊክስ ካርድ ምንድን ነው?»

«ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል ነው። ሞተር በሉት።»

«ሞተር ከሆነማ እኔ አለሁ።»

ሳቀች። «ይሄኮ ገብስ አይፈጭም አያ!»

«ይሞቃል አይሞቅም?»

«ይሞቃል።»

«ሲሞቅስ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«እንግዲያ ስሚኝ።»

ምንም ሳትነካ ሥራዋን ፍላሽ ላይ አስገለበጥኋት። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ከመብራቱ ነቅላ፣ የታች ክዳኑን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታች። ማራገቢያው የወፍጮ ቤት ጣሪያ መስሏል፤ አቧራው ተጋግሮበታል። እንዳይሽከረከር በጣቷ ይዛ በብሩሽ ጠረገችው። ክዳኑን መልሳ እስክታስር እኔ ጠረጴዛው ላይ አጎዛ አነጠፍሁ። በእኛ ቤት የሚከበር ነገር ባዶ እንጨት ላይ አይቀመጥም።

ፕሮግራሙን ከፈተችና፣ «የፍጥነቱ ቁጥር ላይ አንድ ጊዜ መቶ ልጨምርና እንየው» አለች።

«አይሆንም። አዲስ ድንጋይ ለገባበት ወፍጮ አንድ ጊዜ ጋዙን አትለቂበትም። ትንሽ ትንሽ።»

«ሃያ አምስት?»

«ሃያ አምስት።»

«ቮልቴጅ የሚልም አለ። እሱንስ?»

«ኤሌክትሪኩን እንዳትነኪው!»

ሃያ አምስት ጨምራ ጌሙን ጀመረች። እኔ በማያው ጥግ ያለውን የሙቀት ቁጥር ይዣለሁ። ሰማንያ አለ፤ ሰማንያ ስምንት አለ፤ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ።

«ዘጠና ሦስት!» ብዬ ጮህሁ። ጌሙን ዘጋችው።

«ጠርገነው ምነው እንዲህ ጋለ?» አለችና እጇን ከሥሩ ሰደደች። «አያ! አጎዛውን ማን አነጠፈው?»

«እኔ ነኝ። ምን አደረገ?»

«ማሽኑ የሚተነፍሰው ከሥር ነው! ጠጉሩ አፈነው!»

«አጎዛ ማንንም አፍኖ አያውቅም» አልኋት። ወዲያው ግን አፈርሁ። የሞተሬ አየር መሳቢያ ላይ ጆንያ የሚያስደግፈውን ሁሉ ስቆጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። አጎዛውን ራሴ አነሣሁ። ማሽኑን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ከኋላው ሥር ሁለት እኩል እንጨት አስገባሁ። እስኪበርድ ጠብቀን እንደገና ስንሞክረው ሰባ ስምንት ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። ሃያ አምስት ትጨምራለች፣ ሩብ ሰዓት ትነዳለች፣ ሙቀቱን አያለሁ፣ ደግሞ ትጨምራለች። ሃምሳ፣ ሰባ አምስት፣ መቶ አለፈ። መቶ ሃያ አምስት ላይ መኪናው ይበርራል፤ ሰማዩ ላይ ግን ነጫጭ ነጠብጣብ ብልጭ ብልጭ አለ።

«ይሄ የጌሙ ነው?»

«አይደለም፤ ካርዱ ከአቅሙ ሲያልፍ ነው» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ግን አዩት ሲሮጥ? ለነገ ብቻ ይሁን።»

«መልሺ።»

«አያ፣ እባክዎ!»

«መልሺ አልሁ። ነገ ታሸንፊበታለሽ፤ ሰኞ በምን ትሥያለሽ?»

አኮረፈች፤ ግን ወደ መቶ መለሰችው።

«ሰባ አምስት አድርጊው።»

«መቶው ላይ ምን አየንበት?»

«ምንም። ጌም ቤቱ ግን ነገ በሰው ይሞቃል።»

ሰባ አምስት ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት አስሮጥነው። አልተንቀረፈፈም፣ ነጠብጣብም አላሳየም። ሙቀቱ ከሰማንያ አንድ አላለፈም።

እሑድ በባጃጅ ሄዳ አመሻሽ ላይ ተመለሰች።

«እህሳ?»

«ሦስተኛ ወጣሁ። መጨረሻ ላይ አስፋልቱን የሳትሁት እኔ ነኝ፤ ማሽኑ አንዴም አልተደናቀፈም።»

«እንግዲያ መንዳት ተማሪ።»

«ኧረ እርስዎ!» ብላ ላፕቶፑን እንጨቶቹ ላይ አስቀመጠች፤ ፍጥነቱንም ወደ ዱሮው መልሳ የቤቱን ፕላን ከፈተች። ጎንበስ ብዬ አየሁት።

«የወጥ ቤቱ መስኮት ምነው ጠበበ?»

«ልኩ ነው አያ።»

«ጠቧል።»

እራት እስኪቀርብ ተጨቃጨቅን። ሰኞ ጠዋት አስፍታው አየሁ።