በሩ በፈረሰ ማግስት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ ባሮ ሞልቶ ዳር ዳሩን መብላት በጀመረበት ሰሞን ነው። ሰው "አባትህን ስትቀብር እንኳ አላለቀስክም" እያለ ስለሚያነሳብኝ እኔም ልረሳው አልቻልኩም።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከአባቴ የተረከብኩት ሱቅ አለኝ። አባቴ ከጎሬ ቡና ከሚያወርዱ ነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዱ ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ። ያኔ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን መርከብ ይመጣል፤ ቡናው ይጫናል፣ ጨውና አቡጀዲው ይራገፋል። ሁሉም የሚያልፈው በወደቡ ግቢ በር ነበር። መርከቡ ከቀረ፣ አጥሩም ከፈረሰ በኋላ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎችና ከላያቸው አንድ ብረት ብቻ ቀረ።

ግራና ቀኙ ሜዳ ስለሆነ ሰው ዞሮት ይሄዳል። አባቴ ግን ሁልጊዜ በመሃሉ ነው የሚያልፉት። "በር እያለ በአጥር የሚገባ ሌባ ነው" ይሉ ነበር። እኛም እንስቅባቸዋለን፤ አጥሩ የታለና!

ሲታመሙ ለእኔና ለእህቴ ለሰዓዳ አንድ ነገር አደራ አሉን። "ስትወስዱኝ በበሩ አሳልፉኝ። እዚህ አገር የገባሁት በሱ ነው።"

ጠዋት ላይ አረፉ። ተሰግዶባቸው ከመስጊድ ስንወጣ ሸሁ፣ "ዝናብ መጣ ልጄ፤ ጀናዛ አይጉላላም፣ በአቋራጭ እንሂድ" አሉኝ።

"በበሩ ነው" አልኩ። ሰውነቴ ሁሉ ደንዝዟል። ቃሬዛውን ተሸክሜ የምሄደው ለደንበኛ ዕቃ የማደርስ ያህል ነበር።

ስንደርስ በሩ የለም። እኛ በሽተኛ ስናስታምም አልሰማንም እንጂ፣ ለአዲሱ አስፋልት ተብሎ ከአንድ ቀን በፊት ፈርሷል። ድንጋዩ ተከምሯል። ከኋላዬ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ቃሬዛውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከመንገድ ሠራተኞቹ አንዱ፣ ረጅም የአኝዋ ወጣት፣ ቀረብ ብሎ "ወንድሜ፣ ምን ሆነ?" አለ። ሸሁ ነገሩት። ጭቃውን ትንሽ ሲያይ ቆየና አካፋውን ጣለ።

"ችግር የለም። አንዱ ድንጋይ እዚህ ነበር። አንዱ እዛ ነው። እኛ እንቆማለን።"

ጓደኛውን በእጁ ጠራው። የሥራ ቆባቸውን አውልቀው፣ ምሰሶዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ቆሙ። ሸሁ "ቢስሚላህ" አሉ። አባቴን በሁለቱ መሃል አሳለፍናቸው። ዝናቡ ወረደ፤ ልጆቹ ግን የመጨረሻው ቀባሪ እስኪያልፍ ድረስ አልተነቃነቁም።

ቤት ስመለስ ሰዓዳ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ "አባባ በበሩ አለፉ?" አለችኝ።

"አለፉ" አልኳት። ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

እኔ ዛሬም እንባ የለኝም። የሚቆጨኝ የእነዚያን ልጆች ስም አለመጠየቄ ነው፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩም። ሰዓዳ በሩ ቀድሞ መፍረሱን በኋላ ሰምታለች። "ታዲያ በምን በኩል አለፉ?" ብላ ግን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም መልሴ ያው ነው፦ አለፉ።