አሜን ያልኩበት ክስ

ሆሳዕና ውስጥ የአንድ የግል ክሊኒክ ስቶር ኪፐር ነኝ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሠራተኛው ሁሉ እንግዳ መቀበያው ክፍል ተሰብስቦ ይጸልያል። ከስቶሩ አንድ ማይክሮስኮፕ በጠፋ ሰሞን የመጸለዩ ተራ የላብራቶሪዋ ባልደረባዬ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጌታ ሆይ፣ የስቶሩን ቁልፍ የያዘችውን እህታችንን ከስርቆት መንፈስ ነጻ አውጣት!» አለች። ሁሉም «አሜን!» አለ። ልማድ ክፉ ነው፤ እኔም አብሬ አሜን አልኩ። ምን እንደተባለ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ማይክሮስኮፑ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ለጃጁራው ቅርንጫፍ አውሶ ረስቶት ኖሯል። በተገኘ ማግስት ጠዋት ግን ማንም ተነስቶ «ጌታ ሆይ፣ እህታችንን በድለናል» ብሎ አልጸለየም። ወሬው ከተማ ገብቷል፤ ገበያ ስወጣ የማውቃቸው ሴቶች ቦርሳቸውን ብብታቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የኔ በቁሜ ተቀበረ። አንገበገበኝና ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በላብራቶሪዋ ባልደረባዬ ላይ አመለከትኩ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ።

«ልጄ፣ ጸሎት ይከሰሳል እንዴ?»

«እዚያው ክፍል ቆማ ዋሽቻለሁ ትበል፤ እተወዋለሁ» አልኳቸው።

እሷ እምቢ አለች። «ለአምላኬ ነገርኩ እንጂ ለሰው ምን አልኩ?» ብላ ላከችብኝ።

ፍርድ ቤትም ይህንኑ ደገመች። ዳኛው «እግዚአብሔር በሹክሹክታም ይሰማል» አሏት። ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረ።

«ጸሎቱ ሲያበቃ እርስዎ ምን አሉ?»

«አሜን።»

ችሎቱ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በስም ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለች። እስራቱ በገደብ ቆመላት፤ ክሊኒኩ ግን አሰናበታት። እሰይ አልኩ፣ አልዋሽም።

የጠዋቱ ጸሎት አልቀረም። የታመመ ሲኖር በስም እየጠሩ፣ ጮክ ብለው ይለምኑለታል። ባለፈው ክረምት እናቴ ሀቢቾ በሚባለው መንደሯ ታማ ተኛች፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለውናል። ባልደረቦቼን «እባካችሁ ጸልዩልኝ» አልኳቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። ስለ እኔ ድምፅ አውጥቶ አንድ ቃል ለመናገር የደፈረ ጠፋ። ቆይተው ቀና ሲሉ አንዷ ጠጋ ብላ «በልባችን ጸልየናል» አለችኝ። የት ላይ አሜን እንደምል ጠፋኝ።