ድምፅ የሚቀንሰው ሰው

መካነ ሰላም ውስጥ ከቤት ሲወጣ ሽቅብ ሰማዩን የማያይ ሰው እሱ ብቻ ነው። እኛ ሳናይ አንወጣም። ጫማው አቧራ ይልበስ እንጂ የትልቅ ከተማ ጫማ ነው፤ አንገቱ ላይ ግን እንደኛው ማተብ አስሯል። ከመጣ ጀምሮ የሐዘን ጥቁር ሸሚዙን ሲቀይር አላየሁም። እትዬ በለጥሻቸው ሻይ ቤት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሻዩን ያቀዘቅዘዋል።

ትናንት የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ተነቀለ። ከኮምፒውተሩ ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ወዲያው እየወፈረ ሄደ። አጠገቤ የነበሩት ቄስ ነጭ ጋቢያቸው ከሰማይ እንዳይታይ ገፈው ጠረጴዛ ስር ወሸቁት። እትዬ በለጥሻቸው ጭስ እንዳይኖር እሳቱ ላይ ውሃ ቸለሱ። ደጅ የነበሩት ሴቶች ጥላቸውን አጥፈው ተበታተኑ።

«አይዟችሁ፣ የእውነት ድሮን አይደለም» አለ፤ ገመዱን መልሶ እየሰካ።

«እና ምንድን ነው?» አሉት እትዬ በለጥሻቸው።

«አውሮፕላን ዝቅ ሲል ከክንፉ የሚዘረጉ ነገሮች አሉ። ንፋሱ ሲመታቸው ይጮሃሉ። ጩኸቱን በኮምፒውተር አስመስዬ አጠናዋለሁ።»

«አጥንተህስ?»

«ቅርጻቸውን እየለዋወጥኩ እቀንሰዋለሁ። ሥራው ሲያልቅ ከነአካቴው አይሰማም።»

እትዬ በለጥሻቸው የጠፋውን እሳት ትኩር ብለው አዩት።

«ታዲያ ልጄ፣ እኛ መምጣቱን በምን እናውቃለን?»



«እናቴም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር» አለና ማዳመጫውን ወደ ጆሮው መለሰ።