የሶፋው ባለቤት እስኪመጣ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ነበር። ክረምት ነው፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኗል። እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ የምል መስሎኝ ዘንጬ መጥቻለሁ። አለቃዬ አቶ ታምራት ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና «ሠናይት፣ ሠርግ አለብሽ እንዴ?» አለኝ። ለካ የተቀጠርኩት ቤት ለቤት ጎብኚ ሆኜ ነው። ድርጅታችን ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በሚልኩት ገንዘብ የተቸገሩትን ያቋቁማል፤ ማን ይረዳ የሚለውን ለመለየት ቤታቸው ገብቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

አቶ ታምራት ሥራውን ያስተማረኝ እየሄድን ነው። «በር ላይ ቆመሽ ‹ቤቶች!› ትያለሽ። ስትገቢ ጣሪያውን እይ፣ ድስቱን እይ፣ በር ላይ የወለቀውን ጫማ እይ። የሚነግሩሽን ወሬ ግን ተይው።»

«ለምን?» አልኩት።

«ስትገቢ ይገባሻል።»

የመጀመሪያው ቤት የአንዲት አሮጊት ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፤ ከሥሩ ባኞ ተደቅኗል። «እማማ፣ ምን ይቸግርዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምን ጎድሎኝ ልጄ! እሱ ይመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉ አናቴ ላይ ጠብ አለ። እኔ የዋህ፣ ወጥቼ ለአቶ ታምራት «ችግር የለባቸውም» አልኩት። ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። «በዚህ አያያዝሽ እኮ አገሩ ሁሉ ሀብታም ነው!» ብሎ ይዞኝ ተመለሰ።

ተቃራኒውም ነበር። አስኮ አንድ ሰውዬ ታምሜያለሁ ብሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጠበቀን። ጥግ ላይ አንሶላ የለበሰ ትልቅ ነገር ቆሟል፤ ያጉረመርማል። «ጋሼ፣ ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» ስለው ፊቱን እንኳ ሳይቀይር «ሆዴ ነው ልጄ፣ ከርሃቡ ብዛት» አለኝ። ፍሪጅ የሚያህል ሆድ! ሹፌራችን ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰማ መሪውን ለቆ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

እንግሊዝኛ እችል ስለነበር ቀስ በቀስ አስተርጓሚነቱም ተጨመረልኝ። ደመወዙ ግን አልተጨመረም፤ እሱን እንተወው። የማስተርጎም ሕጉ አንድ ነው። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም። ለአፌ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አሁን የማወራችሁ ስለ እትዬ አረጋሽ ነው። ቤተሰቦቿ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ናቸው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ፣ ፕላስቲክ እየለቀመች ትኖር ነበር። አቧራውና ጭሱ ደረቷን ጨረሰው። ሐኪሙ «እዚያ ከተመለስሽ ሳንባሽ አይተርፍም» ብሏታል። የምትፈልገው ጉሊት ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ የምትቀመጥበት ቦታና መነሻ ገንዘብ። ቤቷን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። መሬት ላይ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ በቃ። «ካልሆነ ሰኞ ቆሼ እመለሳለሁ፤ ሆድ ደረትን አያማክርም» አለችኝ። ሳሏን እያፈነች የተናገረችው ነገር ሌሊቱን ሁሉ ከጭንቅላቴ አልወጣልኝ አለ። አቶ ታምራትን አስቸግሬ ስሟን አስገባሁ።

የቀረው የሄልጋ ዓይን ብቻ ነበር። ሄልጋ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ገንዘቡን የሚልኩት ሰዎች ወክለዋት መጣች። እሷ ሳታየው ምንም አይጸድቅም።

መኪና ውስጥ ጋሽ ደምሴ በመስታወት እያያት «እስቲ ጠይቂልኝ፣ እኛ ምኗ ነን? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። የራሷን ጎረቤት አትረዳም?» አለኝ። አስተረጎምኩ። ሄልጋ የሸሚዟን አንገት ገልብጣ እዚያ የተሰፋውን ጽሑፍ አሳየችኝ። «እናንተ አገር ተሰፋ ይላል። እጅግ ርካሽ ነው የገዛሁት። የሰፋችውን ሴት አላውቃትም፣ ሥራዋን ግን ለብሼዋለሁ። ታዲያ ሩቅ ናት እንዴት ልበል?» ጋሽ ደምሴ «ይቺስ ነገር ገብቷታል» አለና ማርሽ ቀየረ።

እትዬ አረጋሽ በር ላይ ደረስን። «ቤቶች!» አልኩ። በሩ ተከፈተ፤ እኔ በቁሜ ደረቅኩ።

ያ ባዶ ቤት የለም። መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ግድግዳው ሥር ቀይ አበባ ያለው ሶፋ፣ ፊት ለፊቱ ቲቪ፣ ጎኑ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ብርጭቆና ሳህን ተደርድሮ፣ ጎመን በአይብ ከቆጮ ጋር ቀርቧል። እትዬ አረጋሽ ጸጉሯን ተሠርታ «ግቡ! ግቡ!» ትላለች፤ ፊቷ ያበራል።

ሶፋውን ግን አውቀዋለሁ። የጎረቤቷ የወልዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ስጎበኝ ስፕሪንጉ ወግቶኛል፤ የወጋኝን ሶፋ እረሳለሁ? ሳህኑ ላይ ደግሞ የእድሩ ምልክት በቀይ ቀለም ተቀብቷል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ሰፈሩ ተረባርቦ ቤቷን አልብሷታል! ለሠርግም ለለቅሶም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ሰው እንግዳውን ባዶ ቤት ይቀበላል እንዴ?

ሄልጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ዙሪያዋን አየች። «ቤቷ ያምራል» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔና ወደ አቶ ታምራት ዞረች። «ቤት ተሳስተን ይሆን? የላኩኝ አሮጊቶች ካልሲ ሠርተው እየሸጡ ነው ይህን ገንዘብ የሚያጠራቅሙት። ከእነሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሶፋ የሌላት አለች። ምን ብዬ ልንገራቸው?» እውነቷን ነው፤ ልፈርድባት አልቻልኩም።

አቶ ታምራት በጥርሱ መሀል «ያ ባዶ ቤት ያልሽው የታል?» አለኝ።

እትዬ አረጋሽ ደግሞ እጅጌዬን ይዛ «ሠናይትዬ፣ ምን አሉ?» ትለኛለች።

«ቤትሽ ያምራል አለች» አልኳት። ብላለችም።

«ተመስገን! አላፈርኩም!» ብላ እልል ልትል ደረሰች። አንጀቴን በላችው።

ምን ላድርግ? «ሁሉም የተዋሰችው ነው» ብዬ እዚያው ብናገር፣ ከእንግዳዋ ፊት ልብሷን እንደ መግፈፍ ነው። ገመናዋን ለመሸፈን ሰፈሩ ሁሉ ደክሟል። ዝም ብል ደግሞ ሰኞ ቆሼ ናት። ለአንድ ቤት የተመደበልን ሩብ ሰዓት ደግሞ እያለቀ ነው።

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ መኪናው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ ኳስ አለ አይደል?»

«አሁን ሊጀምር ነው። ምነው?»

«የወልዴ ቲቪ እዚህ ቤት ነው ያለው። ሶፋውም ጭምር።»

በመስኮቱ አጮልቆ አየ። እኔን አየኝ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «እንግዲያው ጎማችን ተንፍሷል» አለ።

«የትኛው?»

«የመረጥሽው።»

ገብቼ «ጎማ ተበላሽቷል፤ ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ። ስል ከውጭ ጭስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አረጋሽ ደስ አላት። «እሰይ! እንግዲህ በደንብ ይበላሉ» ብላ ሄልጋን አጎረሰቻት። ሄልጋም ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ።

መጀመሪያ የመጣው የእድሩ ንብረት ጠባቂ ነው። ሰውዬው ተጣድፏል። «እትዬ አረጋሽ፣ ይቅርታ፣ ከታች ሰው አርፏል፤ ድንኳን እየተተከለ ነው» ብሎ አግዳሚዎቹን በጫንቃው አነሳ። ሳህኖቹንም ሰበሰበ፤ የሄልጋን ብቻ ስትበላበት አይቶ ተወላት። የምንጣፉ ባለቤት ልጇን ላከች። አቶ ታምራት የቆመበትን እንዲለቅ ተነገረው።

ከዚያ ወልዴ ራሱ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በሩን ሞላው። ቲቪውን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣ፤ ተመለሰና ሄልጋ ፊት እጅ ነሳ። «ሲስተር፣ ኤክስኩዝ ሚ» አለ ሶፋውን እያሳየ። ሄልጋ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

እትዬ አረጋሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «ወልዴ! አዋረድከኝ! በእንግዳዬ ፊት!»

«ኧረ አረጌ፣ ጨዋታው ሲያልቅ መልሼ አመጣዋለሁ፤ እናቴ ትሙት!»

ሄልጋ ምን እንደተባለ አልጠየቀችኝም። ሳህኗን ለእኔ ሰጥታ የሶፋውን ትራስ አነሳችና ሶፋውን ተሸክሞ የወጣውን ወልዴን ተከትላ እቤቱ ድረስ ሄደች። ተከተልኳት። የወልዴ ቤት ውስጥ ከአንድ አልጋና ከተደራረበ ጀሪካን በቀር ምንም የለም፤ መሀሉ ላይ ሶፋው የነበረበት ቦታ ብቻ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ሄልጋ ትራሱን አስቀምጣ ያንን ቤት ዞር ዞር ብላ አየችው።

ስንመለስ እትዬ አረጋሽ ፍራሹን ከጓዳ እየጎተተች ታለቅሳለች። ሄልጋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ለምን እንዲህ ደከምሽ በያት» አለችኝ።

«ምን ላድርግ?» አለች አረጋሽ። «ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰው መሬት ላይ ላስቀምጥ? ችግረኛ ነኝ እንጂ ባለጌ አይደለሁም።»

አስተረጎምኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሄልጋ ፊቷ ቀላ። «እናቴ ቄስ ሊጠይቃት ሲመጣ ስኒ ከጎረቤት ትዋስ ነበር» አለች። «አንድ ጊዜ እኔ ልጅ ሆኜ ‹ይሄ የእኛ አይደለም› ብዬ ቄሱ ፊት ተናገርኩ። እናቴ ያን ቀን ያለቀሰችው እንዲህ ነው።» አረጋሽ ይህን ስትሰማ እንባዋን ጠረገችና «አይ ልጅ!» ብላ ሳቀች። ሄልጋ ጀሪካኑን ገልብጣ ተቀመጠችበት፤ የቀረውን ቆጮ ጨርሳ ሳህኑን ለእድሩ መለሰች።

ጉሊቱ እዚያው ጸደቀ። ችግሩ ግን ጋሽ ደምሴ ጎማውን ከልቡ አስተንፍሶታል፤ መንፊያው ደግሞ ቢሮ ቀርቷል። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሁላችንም ወልዴ ቤት ኳስ አየን። ሄልጋ ሶፋው ላይ ከመሀል ተቀመጠች፤ ስፕሪንጉ እሷንም ወጋት።

አሁን ያን ሥራ ለቅቄያለሁ። እትዬ አረጋሽ 18 ማዞሪያ ላይ ጥላ ዘርግታ ቲማቲም ትሸጣለች፤ ሳሏም ቀንሷል። ጉሊቱ ሲቀና መጀመሪያ የገዛችው ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ነው። ግን ስሄድ አንዱንም አግኝቼ አላውቅም፤ «ቆይ፣ ወልዴ ቤት እንግዳ መጥቶ ነው» ትልና ጀሪካኑን ትገለብጥልኛለች።

ሥራውን አሁን የያዛችሁ ልጆች እኔን ስትጠይቁኝ የምላችሁ ይሄንኑ ነው። ጣሪያውን እዩ፣ ድስቱን እዩ፣ ጫማውን እዩ። ከዚያ ቶሎ አትውጡ። የሶፋው ባለቤት እስኪመጣ ተቀመጡ።