ቃሬዛ የተነፈጉት እናት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ሐይቅ ድረስ ቤቴ መጣ። የደረሰው ዓሣ ጠብሼ ምሳ ልበላ ስል ነው፤ ቀርቦ አብሮኝ በላ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ከውጫሌ ወዲያ ያለ አንድ ተራራ ፎቶ አሳየኝ። ተራራው መላጣ ነው፤ ወገቡ ላይ ብቻ ጥቅጥቅ ያለ የወይራ ደን አለ።

«ጋሼ፣ ይህን ደን ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰቡ ነው። እዚያ ገበሬዎች ልናሠለጥን ስለሆነ መጥተው ስለ ማኅበረሰቡ ይናገሩልን» አለኝ።

ማኅበረሰቡ ይለኛል እንግዲህ፤ ያውም ለእኔ።

በደርግ ጊዜ፣ ጦርነቱ ወደ ወሎ እየተጠጋ ሳለ፣ እዚያ መንደር የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ገበሬውን ስለ እርከን፣ ስለ ችግኝና ስለ ፍግ ማሠልጠን ነው። የበልግ ዝናብ ሲወርድ ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ ደም ይመስል ነበር፤ አፈሩን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ተራራው ከከብት ተከለከለ። ያንኑ ሰሞን ልጆቻቸውን ለጦር ሜዳ የሚያፍሰው መንግሥት ነው እኔንም የላከኝ፤ ጠሉኝ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንን ሰው እጠላው ነበር። ሰላም ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ ሥልጠና ስጠራ ከኋላ ተቀምጠው ስለ በሬ ገበያ ያወራሉ። ቂም የያዝኩት በዚህ አይደለም።

ሥልጠናውን ከልቡ የያዘው ይማም የሚባል አንድ ገበሬ ብቻ ነበር። ማሳው ከተራራው ሥር ስለሆነ በየዓመቱ ይቦረቦርበታል። ከማሳው በላይ ያለውን ገደላማ ቦታ ሁሉ ድንጋይ እየደረደረ እርከን ሠራበት።

ይህን ጊዜ ቅሬው ተሰበሰበ። ቅሬ በእኛ አገር እስላም ክርስቲያን ሳይል ሙት የሚቀብር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ የሰፈር ማኅበር ነው። የቅሬው ዳኛ አባ ሙሄ ይባላል፤ አንቱ ልለው አንደበቴ እስከ ዛሬ እምቢ ብሎኛል። «ተራራውን ካስከለከለን ሰው ጋር የሚሠራ ከማንም ቤት እሳት አይጭርም፤ ሙት ቢሞትበትም ቀባሪ የለውም» ብሎ ፈረደ።

የይማም እናት እማ ዘሀራ በሽተኛ ነበሩ። ቤታቸው ስሄድ የማሽላ ቂጣ በአጓት ያቀርቡልኛል፤ በዚያ መንደር እህል ያቀመሰኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ ሞት ወላሂ አያስፈራኝም። ቀባሪ ማጣት ነው የሚያስፈራኝ። ልጄን ልቀቅልኝ» ይሉኝ ነበር።

«እማ፣ ማሳው ከሄደ ልጆቹን ምን ላብላቸው?» ይላቸዋል ይማም።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ መጣና እርከኑ ላይ ቆመ። የይማም ማሽላ ሳይነካ ተረፈ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ እማ ዘሀራ አረፉ።

ይማምን ተከትዬ አባ ሙሄ ደጅ ሄድኩ።

«አባ ሙሄ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ቃሬዛውን ይስጡኝ» አለ ይማም።

«ቃሬዛው የቅሬው ነው። እርከን ያሠራህ ሰው ይሸከምልህ» አለው፤ ከመደቡ እንኳ አልተነሳም።

ተሸከምኩ። የይማም ሚስት አጥባ ከፈነቻቸው፤ በገዛ ጠፍር አልጋቸው አወጣናቸው። ጭቃው ያንሸራትታል። ደጁ የቆመ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ባሏ ጎትቶ አስገባት። የመንደሩ መቃብር ከወንዝ ማዶ ነው፤ ሁለት ሰው አስከሬን ተሸክሞ የሚሻገረው አልነበረም።

«እዚሁ ይሁን» አለ ይማም። ራሱ በሠራው እርከን ላይ፣ ችግኝ በምንቆፍርበት ዶማ ቆፈርን። እሱ ሰገደባቸው፤ እኔ ክርስቲያኑ ኮፍያዬን ይዤ ከኋላው ቆምኩ። የተረፉንን የወይራ ችግኞች ዙሪያቸውን ተከልን።

ደርግ ሲወድቅ መንደሩ መጥረቢያ ይዞ ተራራውን ወጣ። እርከኑን አፈረሱ፤ ዛፉንም ጨረሱት። የእማ ዘሀራ መቃብር ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ የመቃብር ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። አንቀብርም ያሏቸውን ሴትዮ መቃብር አከበሩ። ወይራው እየተራባ ሄዶ ነው ዛሬ ፎቶ የሚነሳው።

አባ ሙሄ በስተርጅናው ሲሞት እዚያው ጥላ ሥር ቅበሩኝ ብሎ ተናዘዘ። ይማም ደወለልኝ። «ቃሬዛውን ከፊት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ና» አለኝ። ይማም ደግ ሰው ነው። እኔ አልሄድኩም፤ ዛሬም ቢሆን አልሄድም ነበር።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርኩት። ዓሣው ቀዝቅዟል።

«ታዲያ አይመጡም ማለት ነው?» አለኝ።

«እመጣለሁ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት የእነዚያው ሰዎች ልጆች አይደሉ? ደኑን ማን እንዳቆየው እነግራቸዋለሁ። እማ ዘሀራ ናቸው እላለሁ። መስማት የማይፈልግ ተነስቶ ይውጣ።»