ጣሳው ውስጥ የገቡት ኳሶች

በደርግ ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወት ዕውር ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲወራ ያስቃል፤ ሲኖሩት ግን ያደክማል።

የእርሻ ቢሮ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበርኩ። ዓይኔ እየፈዘዘ ሄዶ ብርሃንን ከጨለማ መለየት ብቻ ሲቀረውም ከሥራዬ አላስወጡኝም፤ መስመሮቹን በጣቴ አውቃቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ «ጓድ፣ መስመሩ ተይዟል» ስል እውላለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወስዳኝ ነበር። ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ አነጋገራትና ስትወጣ «የዓይን ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» አለችኝ። ይኸው ሞራው እስኪበስል ስጠብቅ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አለቃዬም ጎረቤቱም «አይዞህ፣ ደርሷል» ይሉኛል። በየቀኑ አይዞህ መባልን የመሰለ አሰልቺ ነገር የለም።

ጎልፉን ያስለመደኝ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሦስት ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶልኝ ሄደ። ዘዴው ቀላል ነው፤ የሚያይ ሰው የዱላውን ጭንቅላት ከኳሷ ኋላ አስተካክሎ ያስቀምጥልሃል፣ ዞር ይላል፣ አንተ ትመታለህ። ካድሬያችን አንድ ቀን መጣና «ይሄ የቡርዧ ጨዋታ አይደለም?» ብሎ ጀመረ፤ ቀና ስል ዓይኔን አይቶ መሰለኝ ዝም ብሎ ሄደ። ዕውርነት የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዱላውን የሚያስተካክሉልኝ የቢሮው ዘበኛ ነበሩ፤ እዚያው ሐይቁ አካባቢ ያለችው የቡሹሎ መንደር ሰው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አማርኛቸው አጭርና ቁርጥ ያለ። እሁድ ከጸሎት ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ እንገናኛለን። ጉድጓዳችን እሳቸው የቀበሩት የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። እመታለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ጣሳው ኳ ይላል። «ገባች» ይላሉ። በሳምንቱ ውስጥ በራሴ የማደርገው ነገር ያ ብቻ ስለነበር በጣም እወደው ነበር።

አንድ እሁድ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ኳሷን ጠርዟን ብቻ ነካኋትና ወደ ሸምበቆው ስትፈተለክ ሰማኋት። ቆምኩ። ኮቴ ወደ ሸምበቆው ሄደ፣ ተመለሰ፣ የሽማግሌ ጉልበት ቋ አለ፣ ጣሳው ኳ አለ።

«ገባች» አሉ።

ንድድ አልኩ። «አባባ፣ በእጅዎ ነው የከተቷት?»

ኳሷን ከጣሳው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እስከ ዛሬ በእውነት የገባችው ስንቴ ነው?»

«ልጄ፣ ደስ ይበልህ ብዬ ነው።»

«ስንቴ?»

«አንድም የለ።»

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቶሎ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ተመካክሮ፣ ማልዶ ነው የሚያረዳው። ትንሽ ሲወጣልኝ «ከዛሬ ጀምሮ ያዩትን ይንገሩኝ፤ ይማሉልኝ» አልኳቸው።

«አልምልም፣ ሃይማኖቴ ይከለክላል። እሺ ካልኩ ግን እሺ ነው።»

እንደገና መታሁ። «በግራ። ሩቅ» አሉ። መታሁ። «በቀኝ። አንድ ክንድ።» ሁሉንም ሳትኩ፤ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ የት እንዳለሁ ያወቅሁ መሰለኝ። ያኔ ነው የባለቤቴ ነገር ድንገት የመጣብኝ፤ ሐኪሙ ለብቻዋ ያነጋገራት፣ ስትወጣ ድምፅዋ የቀጠነው።

«አባባ፣ ዓይኔስ?»

ከሐይቁ ላይ የዓሣ አስጋሪዎች ጨዋታ ይሰማል።

«ቢሮው ሁሉ ያውቃል» አሉ። «ሞራ አይደለም። ሐኪሙ ለሚስትህ የዓይንህ ሥር ሞቷል ነው ያላት። አይበራም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ መጠበቅ ምን ያህል እንዳደከመኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ዱላውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው።

ዱላውን ይዘው ከኳሷ ኋላ አስቀመጡልኝ። ከዚያም ዞር አሉልኝ።